ለማያውቀን ሰው ስለ ማልቀስ

ሰው ስለ ዘመዱ ሲያለቅስ «ለምን አለቀስህ» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለ ጎረቤቱም ሲያለቅስ እንዲሁ ነው። ነገር ግን አንድ ጎልማሳ፥ ሚስትና ልጆች ያሉት፥ በመሥሪያ ቤቱም የተከበረ ሰው፥ አንድ ቀን እንኳ ቃል ላልተለዋወጠው ለአንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ዕንባውን ሲያፈስ ቢታይ፥ የሚያዩት ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። እኩሌቶቹ ይስቁበታል፤ እኩሌቶቹም አብረውት ያለቅሳሉ። እኛ ግን፥ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ለመሳቅም ለማልቀስም ሳንቸኩል፥ ይህ ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ነውን ብለን ጥቂት እንመርምር።

መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ ወር 2003 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ነገሩ በግልጥ ታይቷል። መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ልጅ ነበረ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ብቻ 10 ግብ አግብቷል፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ወደ ሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሄዷል። ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስታወቀው ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ጨዋታ ነው። እንግዲህ ቍጥሩን እናስላ፤ በዚያ ቀን 10 ዓመት የሞላው ልጅ መንግሥቱ ባረፈ ጊዜ 59 ዓመት ሆኖታል። ከዚህ በታች ዕድሜ ያለው ሰው ያንን ጨዋታ በዓይኑ አይቶ ሊያስታውሰው አይችልም ማለት ይቻላል። ሆኖም ካዘኑት መካከል ወጣቶች ብዙዎች ነበሩ። እነዚህ ኀዘኑን የተቀበሉት፥ ርስት ከአባት እንደሚቀበሉ፥ በጆሮ ነው። እንግዲህ ሟቹ አልቃሹን አያውቀውም፤ አልቃሹም ሟቹን ሲጫወት አላየውም፤ ዕንባው ግን ይወርዳል።

ይህን የሚነቅፉት ሰዎች ቀላል ሰዎች አይደሉም። በከተማችን በሆሳዕና አንድ አዋቂ መምህር ወጣቶችን ሲገሥጹ እንዲህ ብለዋል፤ «ልጆቼ፥ ለቅሶ ብድር ነው። እኔ ዛሬ ወደ ጎረቤቴ ድንኳን የምሄደው እርሱም ነገ ወደ እኔ ድንኳን እንዲመጣ ነው። ዕድርም የቆመው በዚህ ነው፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ኳስ ተጫዋቹ ግን የእናንተን አባት ቀብሮ አያውቅም፤ እናንተም ብትሞቱ ስማችሁን አይሰማም። ታዲያ ይህ ለቅሶ የማን ብድር ነው? እውነቱን ብነግራችሁ የምታለቅሱት ለራሳችሁ ነው፤ የምትቀብሩትም ያለፈውን ወጣትነታችሁን ነው።»

ንግግሩ ብርቱ ነው፤ ሁለት ክንፍም አለው። ሁለተኛውን ክንፍ አስቀድመን እንመልከት። በድንኳን ውስጥ ለጎረቤቷ ልታለቅስ የመጣች ሴት ከአምስት ዓመት በፊት የሞተ ወንድሟን አንሥታ ስትጮኽ ያላየ ሰው በአገራችን የለም። «ይህ የሌላ ሰው ለቅሶ ነውና የአንቺን ሙት ወደ ቤትሽ ውሰጂ» ብሎ የሚያስወጣት አለን? የለም። እንዲያውም የቤቱ ባለቤቶች አብረዋት ያለቅሳሉ። በእያንዳንዱ ለቅሶ ውስጥ የራስ ሙት ይገባል፤ የራስ ዕድሜም ይገባል። ከራሱ ነገር የነጻ አልቃሽ ብቻ ይግባ ቢባል ድንኳኑ ባዶውን በቀረ ነበር። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ስለ መንግሥቱ ሲያለቅስ ከአባቱ ጋር ወደ ስታዲየም የሄደበትን ቀን ቢያስብ፥ አባቱንም አብሮ ቢያለቅስ፥ ለቅሶው ሐሰት ነው ልንል አይገባንም። ሙቱ ሙትን ይጠራል።

አንደኛው ክንፍ፥ ስለ ብድር የተነገረው፥ ይበልጥ ከባድ ነው። ዳዊት የኔር ልጅ አበኔር በተገደለ ጊዜ ከቃሬዛው በኋላ እየሄደ በመቃብሩ አጠገብ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አበኔር ግን ለብዙ ዘመን የጠላቱ የሳኦል ቤት የጦር አለቃ ነበረ፤ ለዳዊት ቤት የከፈለው የለቅሶ ብድር አልነበረበትም። እንግዲህ ብድር የሌለበት ለቅሶ አለ። በእኔ አስተያየት ግን መምህሩ የተሳሳቱት ብድር አለ በማለታቸው አይደለም፤ ባለ ዕዳውን በመለየት ነው እንጂ። እርሳቸው ተጫዋቹ ለደጋፊው ምን ከፈለ ብለው በዕድሩ መዝገብ ውስጥ ፈለጉ፤ እዚያም አላገኙም። የተበደረው ደጋፊው ነው፤ ብድሩም የተጻፈው በሌላ መዝገብ ነው።

በሀድያና በከምባታ አገር የታወቀ ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ጦርና ጋሻ ይዘው እየጋለቡ፥ የሟቹን ሥራ እየጠሩ ማልቀስ የቆየ ልማድ ነበረ። አልቃሹ «ሞተ» ብቻ ብሎ አይመለስም፤ ምን እንዳደረገ፥ የት እንደ ዋለ፥ ማንን እንዳዳነ ይናገራል። ካህናት በዚህ ልማድ ውስጥ ያለውን መጠን ማለፍ መገሠጻቸው ይታወቃል፤ ሥራን መጥራት ግን በመጽሐፍም የሚገኝ ነገር ነው። በኢዮጴ ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶች በጴጥሮስ ፊት ቆመው ያደረጉት ምን ነበር? እርስዋ የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩ ያለቅሱ ነበር። ስለ በጎነትዋ ረጅም ንግግር አላደረጉም፤ ልብሱን አሳዩ። ኳስ ተጫዋች ግን የሚታይ ልብስ አይተውም። ሐናጺ ቤት ይተዋል፤ ጸሐፊ መጽሐፍ ይተዋል፤ ግብ ግን በገባችበት ቅጽበት ታልፋለች። ደጋፊው ሊያሳየን የሚችለው ልብስ ትረካው ብቻ ነው። ስለዚህ በሻይ ቤት ተቀምጠው «ያን ቀን እንዲህ አድርጎ...» እያሉ ሲናገሩ የምንሰማቸው ሰዎች ሥራ ፈቶች መስለው ይታዩናል እንጂ የሚያደርጉት የኢዮጴን መበለቶች ሥራ ነው።

ልብሱ ምን ይመስል እንደ ነበረ ጥቂት ልተርክ። የአፍሪካ ዋንጫ በዚያ ጊዜ ሦስተኛው ነበረ፤ ያለፉትን ሁለቱን፥ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. የተደረጉትን፥ ያሸነፉት ግብፆች ነበሩ። በአዲስ አበባም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመጨረሻው ጨዋታ የቀረቡት እነርሱ ናቸው። አስቀድመው አገቡ፤ ኢትዮጵያውያን አቻ አደረጉ። ግብፆች ወዲያው ዳግመኛ አገቡ፤ ኢትዮጵያውያንም ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳግመኛ አቻ አደረጉ። ተጨማሪ ሰዓት ሆነ። ያን ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች፥ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎና ታናሹ ኢታሎ፥ እያንዳንዳቸው አገቡ። አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አገባ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 ሆኖ ተፈጸመ። ከሜዳው ዳር የነበረው አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ እርሱም አስቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበረ፥ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው።

«እንግዲህ ከዚህ ምን ተጠቀምን? ረኃብተኛ አልጠገበበትም፤ የታመመም አልዳነበትም» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ግብ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ቋንቋቸውም፥ አገራቸውም፥ ሃይማኖታቸውም፥ ሀብታቸውም ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች በአንድ ቅጽበት፥ አንዱ ሌላውን ሳያዘው፥ አብረው ተነሥተው የሚቆሙበት ነገር በዚህ ዓለም ጥቂት ነው። ጸሎት አንዱ ነው፤ ጦርነትም አንዱ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ያለ ደም የሚያደርገው ነው። በዚያ ቅጽበት ከጎንህ የቆመውን፥ ስሙን የማታውቀውን ሰው አቅፈኸዋል። ያንን ያደረገልህ ሰው ሲሞት አንድ ጊዜ ብታለቅስለት፥ ብዙ ከፈልህ አልልህም።

አሁን ካህናት በተለይ ወደሚፈሩት ነገር እንምጣ። ይኸውም ለቅሶው ወደ አምልኮ እንዳይለወጥ ነው። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲዬጎ ማራዶና በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በአርጀንቲና በሞተ ጊዜ፥ የተጫወተባት የጣሊያን ከተማ ናፖሊ በቅዱስ ጳውሎስ ስም ይጠራ የነበረውን ስታዲየምዋን በእርሱ ስም ጠራችው። ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ከመርከብ የወረደው በዚያው አቅራቢያ በፑቲዮሉስ ነው። (ሐዋርያው ራሱ ይህን ቢሰማ ይቈጣ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሯጩንና ቡጢ ተጋጣሚውን ምሳሌ አድርጎ የተናገረ ሰው ነውና።) በናፖሊ መንገዶች ላይ የተጫዋቹን ሥዕል በሻማና በአበባ ከበው እንደ ጸሎት ስፍራ ያደረጉ አሉ። ይህን አይቶ «ጣዖት ነው» የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ሆኖም ለቅሶውን ከሥዕሉ ለይተን እንየው። ጣዖት አይለቀስለትም። ሰው የሚያመልከውን ነገር ሞተ ብሎ አያለቅስም፤ ሞቱን ይክዳል እንጂ። የሚያለቅስ ሰው ግን በዕንባው ይመሰክራል፤ «ይህ ሰው ነበረ፤ እንደ እኔ ሥጋ ነበረ፤ አፈር ነውና ወደ አፈር ተመለሰ» ይላል። ስለዚህ እውነተኛ ለቅሶ ከአምልኮ ይጠብቃል እንጂ ወደ አምልኮ አይወስድም ብዬ አስባለሁ። አደጋው ያለው ዕንባው ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው የአገራችን ቃል ጭንብል ይሆናል፤ የሟቹን ጥፋት ሁሉ እንሸፍናለን፤ ሰውየውንም ቅዱስ እናደርገዋለን። ማራዶና ኮኬይን ይወስድ እንደ ነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም አልካደም። ይህን ትቶ የሚያለቅስለት ሰው የሚያለቅሰው ላልኖረ ሰው ነው። ዳዊት ለአበኔር ሲያለቅስ አበኔር ጠላት አልነበረም አላለም።

ሌላም መለኪያ አለ፤ እርሱም የአልቃሾች ተራ ነው። በቦነስ አይረስ የማራዶና አስከሬን በቤተ መንግሥት በተቀመጠ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ስለ በዛ ከፖሊሶች ጋር ግጭት ሆነ፤ ስንብቱም ከታሰበው ሰዓት በፊት ተቋረጠ። በብራዚል ግን ፔሌ በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ አስከሬኑ በቀድሞ ክለቡ በሳንቶስ ሜዳ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተቀመጠ፤ ከ230,000 የሚበልጡ ሰዎች በፊቱ አለፉ። ወደ መቃብርም ሲወስዱት 100 ዓመት የሞላት እናቱ በምትኖርበት ቤት ፊት ለፊት አሳለፉት። እኔ በዚህ ነገር ውስጥ ትልቅ ጨዋነት አያለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከልቡ አዝኗል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ፊት የማን ኀዘን እንደሚቀድም ታወቀ። ለማያውቀን ሰው ማልቀስ ይፈቀድልናል፤ ይሁን እንጂ ከሚያውቁት ኋላ ቆመን ነው። የሟች ልጅ በሕዝብ ግፊያ ምክንያት የአባቱን ፊት ሳያይ ቢቀር፥ ያ ለቅሶ ለቅሶ መሆኑ ቀርቶ ዘረፋ ሆኗል።

ወደ ብድሩ እንመለስ፤ የነገሩ እሾኽ ያለው በዚያ ነውና። የተበደርን እኛ ከሆንን፥ የምንከፍለው መቼ ነው? ጋሪንቻ የተባለው ብራዚላዊ በ1950 እና በ1954 ዓ.ም. አገሩ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ የሕዝቡ ደስታ ነበረ። በጥር ወር 1975 ዓ.ም. በ49 ዓመቱ፥ በመጠጥ ተጎድቶ፥ ድኻ ሆኖ ሞተ። አስከሬኑን ወደ ታላቁ የማራካና ስታዲየም ወሰዱት፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ያ ሕዝብ ሁሉ ከአንድ ወር በፊት የት ነበረ? የሕዝቡ ዕንባ ሐሰት ነበረ አልልም። ነገር ግን ሟች ደረሰኝ አይጽፍም፤ ለሙት የተከፈለ ብድር በከፋዩ እጅ ይቀራል።

የእኛም የሉቻኖ ቫሳሎ ነገር ከዚህ ጋር ይታሰባል። ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአሥመራ ተወለደ፤ ኋላም በድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ክለብ ተጫወተ፤ ያን የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እርሱ ነው። ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቅቆ ወጥቶ በጣሊያን ኖረ፤ በዚያውም በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሞተ። የሞቱ ወሬ ወደዚህ የመጣው እንደ መርዶ ነው። መርዶ በአገራችን የራሱ ሥርዓት አለው፤ አስከሬን ስለሌለ ፎቶግራፍ ይቆማል፤ ሰው በሥዕል ፊት ያለቅሳል። ይህ ለቅሶ ግን የማን ድንኳን ነበረ? የአሥመራ ነውን? የድሬዳዋ ነውን? የአዲስ አበባ ወይስ የሮም? በየስፍራው ጥቂት ጥቂት አለቀሱ፤ የድንኳኑ ባለቤት ነኝ የሚል ግን ማን ነበረ? ከተማ ሁሉ የእኔ ነው የሚለው ሰው በመጨረሻ የማንም ሆኖ እንዳይቀር መፍራት ይገባል። ከአርባ ዓመት በላይ በባዕድ አገር የኖረ አምበል በሕይወት ሳለ አንድ ደብዳቤ ቢደርሰው፥ ከሞተ በኋላ ከሚቆመው መቶ ፎቶግራፍ ይልቅ በተጠቀመበት ነበር።

እኛም በሆሳዕና ያለነው ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። ሀድያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ከወጣ፥ ወርዶም ዳግመኛ ከተመለሰ ወዲህ፥ ከሩቅ አገር የመጡ ተጫዋቾች በከተማችን ይኖራሉ። አንዱ ለአንድ ዓመት፥ ሌላው ለሁለት ዓመት ይፈርማል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። እንደ መንግሥቱ ወርቁ ስሙ ከአንድ ክለብ ስም የማይለይ ሰው እየጠፋ ነው። አንዳንዶች «እንግዲህ የምንወደው ማልያውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ሄዶ ቢሞት ምናችን ነው?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ብልህነት ይመስላል፤ እኔ ግን ንፉግነት እለዋለሁ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባለው መንገድ አንድ ሌሊት ያሳደረን ሰው ቢሞት «አንድ ሌሊት ብቻ ነው» ብለን ለቅሶውን አንቀርም። የአንድ ዓመት ተጫዋች የአንድ ዓመት ደስታ ሰጥቶናል፤ በዚያው ልክ ይታሰብ።

ሊጉ ሳይታወቅ፥ ማልያም በአንድ ዓይነት ቀለም ሳይሰፋ፥ በትምህርት ቤት ሜዳና በገበያ ዳር በባዶ እግራቸው የተጫወቱም አሉ፤ ዛሬ ሽማግሎች ሆነው በየሰፈሩ ተቀምጠዋል። ጕልበታቸው ያማቸዋል። ማንም አይጠይቃቸውም፤ ስማቸው የሚጠራበት ቀን ገና ነውና። የደጋፊዎች ማኅበር ለሟች የሚያዋጣውን ገንዘብ እኩሌታ ገና በሕይወት ላሉት እንዲያደርግ ደንቡን ቢያሻሽል፥ ዕድሮቻችንም ቢሆኑ ይህን መንገድ ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የታመመ አባል መጠየቅን በደንባቸው ጽፈዋል። ያን አዋቂ መምህር ይህን ቢጠይቋቸው እሳቸውም የሚቃወሙ አይመስለኝም፤ ለቅሶ ብድር ነው ያሉት እርሳቸው ናቸውና።

በአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም እንደ ሌላው ሁሉ የቀድሞ ተጫዋች በሞተ ጊዜ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ተለምዷል። ልማዱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የእኛ ሕዝብ በድምፅ የሚያለቅስ ሕዝብ ነውና ዝም ብሎ ማዘን መጀመሪያ ይከብደዋል። በዚያች ደቂቃ መካከል አንዱ ያስላል፤ አንዱ ልጅ ይጠይቃል፤ አባትየው አፉን በእጁ ይሸፍንለታል። ከዚያ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ ኳሱም ይንከባለላል። ከኋላህ የተቀመጠው ሰው፥ ዕንባው ከጉንጩ ገና ሳይደርቅ፥ «ወደ ግራ! ወደ ግራ ስጠው እንጂ!» እያለ መጮኽ ይጀምራል።